የሐመልማል ሸማዎች

እሑድ ጠዋት ሸማ ተራ ይተኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሲጮህ የከረመው ሰፈር ቆርቆሮውን ጠርቅሞ አፉን ሲይዝ፣ የራጉኤል ቅዳሴ በድምፅ ማጉያ ከጣሪያ ጣሪያ እየተሻገረ ይደመጣል። ሐመልማል የሞተችው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው። ከነጋዴው ከኸይረዲን ሱቅ ጀርባ ባለች ጠባብ ግቢ፣ ሲሚንቶው ላይ ተደፍታ ተገኘች። ከበላይዋ የፎቁ ሰገነት አለ፤ መከታው ከወገብ አይደርስም። ከሰገነቱ በር ወደ ውስጥ ደግሞ ሐመልማል ለዶክትሬቷ አሮጌ ሸማ ስትሰቅል የኖረችበት ሰፊ ክፍል አለ።

ሕዝቡ ፍርዱን ለመስጠት ፖሊስን አልጠበቀም።

«ራሷን ወርውራ ነው።»

«ምን ሆና?»

«ዶክትሬት ይዟት ነበር አሉ። እሱ ደግሞ ከያዘ አይለቅም።»

ዋና ኢንስፔክተር ሪሐና ይህን እየሰማች በሰዉ መካከል ሰንጥቃ አለፈች። መርካቶ ተወልዳ መርካቶ ያደገች፣ ፊቷ በቀላሉ የማይፈታ፣ ምላሷ ግን ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሴት ናት። ሳጅን አሸብር ከኋላዋ እየተከተለ ገና ሬሳው ጋ ሳይደርስ መደምደሚያውን አቀረበ።

«ነገሩ ግልጽ ነው ኢንስፔክተር።»

«ግልጽ ከሆነማ አንተን ምን አመጣህ? ቤትህ ተኝተህ ትፈርም ነበር።»

ሪሐና ተንበርክካ የልጅቱን እጆች አየች። የቀኝ እጇ ሁለት ጥፍሮች ተሰብረዋል። ከጥፍሮቹ ሥር አረንጓዴና ወርቃማ ክር ገብቷል። ጣቶቿ ላይ ግን ጭረትም መውጊያም የለም።

ፎቁ ላይ ወጡ። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረ ገመድ ላይ ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢው በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ወርዷል። ሐመልማል ከየሰዉ ቤት ለምና የሰበሰበቻቸው፣ የተለበሱ፣ የተጣፉ፣ ሰው የሚያህሉ ጨርቆች ናቸው። ሁሉም ደብዘዝ ብለዋል። ሰገነቱ በር አጠገብ ያለችው አንዲት ነጠላ ብቻ ጥለቷ ቦግ ብሎ ይታያል።

«ይቺኛዋ ብቻ ለምን አማረች?» አለች ሪሐና።

«አዲስ ትሆናለች።»

«ዳሯን እየው። ከሁሉም አሮጌ እሷ ናት።»

ጠጋ አለች። የጥለቱ ጫፍ ተቦጭቆ አረንጓዴና ወርቃማ ክሩ ተመዟል። ከላይ፣ መርፌ ቁልፉ ከተሰካበት ዝቅ ብሎ፣ የምስር ፍሬ የማታክል ቡናማ ነጥብ አለች። ሪሐና ነጠላዋን በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ አስወርዳ፣ በወረቀት ከረጢት አሳሸገቻት። 

ታች ሲወርዱ የሟች እናት እትዬ ቦሰና ግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። አያለቅሱም። ዕንባው ቀድሞ ያለቀ ይመስላል። የሪሐናን እጅጌ ጨምድደው ያዙ።

«ልጄ፣ አለቃቸው አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«ነኝ እናቴ። እግዜር ያጽናዎ።»

«ከአጥቢያችን ቄስ ጋ ሄጄ ነበር። ደግ ሰው ናቸው፣ አብረውኝ አለቀሱ። ግን ፖሊስ ራሷን ነው ያጠፋችው ካለ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም አሉኝ። ፍትሐት የለም። ጸሎት የለም። አንድ ልጄን እንደ ውሻ ጉድጓድ ልክተታት?»

«እኔ ገና ምንም አላልኩም።»

«ሰዉ ብሏል!» አሉ እትዬ ቦሰና። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ስሚኝ፣ ይኼን ለማንም አልተናገርኩም። ሰሞኑን በሯን ዘግታ ስታለቅስ እሰማት ነበር። አልገባሁም። ምን ብዬ ልግባ? የምትማረው አይገባኝም። ‹እማዬ፣ ሸማ ሰቅዬ አያለሁ፤ ከዚያ ያየሁትን እጽፋለሁ› አለችኝ። ‹ይሄ ደግሞ ትምህርት ነው?› አልኳት። ከዚያ ወዲህ ነግራኝ አታውቅም።» የሪሐናን እጅጌ ይበልጥ ጠበቅ አደረጉ። «እውነት ራሷን ከሆነ… እኔ ነኝ የገደልኳት። ግን አይደለም በይኝ። ዛሬ ጠዋት ሹሩባ ተሠርታ ነው የወጣችው። ልትሞት የምትሄድ ልጅ ሹሩባ ትሠራለች?»

ሪሐና በሥራዋ ብዙ እናት አይታለች። ልጇ ተገድላ እንድትሆን የምትለምን እናት ግን የመጀመሪያዋ ናት።

«እስከ ነገ ማታ አይቅበሯት» አለች። «ከዚያ በኋላ የሆነውን ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

ሳጅን አሸብር እስከዚያ የሟችን ስልክ ፈትሾ ነበር። ጠዋት ለሦስት ሰው ደውላለች፦ ለባለ ሱቁ ለኸይረዲን፣ አብሯት ለሚማረው ሠዓሊ ለቢኒ፣ እና ለአማካሪ መምህሯ ለዶክተር ፍስሐ። ሦስቱም ስትሞት እዚያ አልነበርንም ባዮች ናቸው። የታችኛው በር ተስቦ ሲዘጋ በራሱ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው ከሟች ሌላ ኸይረዲንና ቢኒ ዘንድ ብቻ ነው።

«እንግዲህ ከሁለት አንዱ ነዋ» አለ አሸብር። «ያውም ኸይረዲን፣ ሬሳውን ያገኘሁ እኔ ነኝ ያለው!»

«ቅድም ራሷን ነበር፤ አሁን ኸይረዲን ሆነ። እስኪመሽ ተራው እኔም ጋ ሳይደርስ አይቀርም።»

ኸይረዲን ሱቁ ውስጥ፣ ያልተፈታ የጋቢ እስር ላይ ተቀምጧል። ወፍራም፣ ቀይ፣ ድምፁ ከሱቁ የሚሰፋ ሰው ነው።

«ጋሼ ኸይረዲን፣ አርብ ለት በሸማ ተራ ሰው ሁሉ ፊት ‹በእግርሽ ካልወጣሽ በቃሬዛ ትወጫለሽ› ብለዋታል?»

«ብያለሁ!» አለ። ወዲያው በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ያ አላህ! ብያለሁ። ምላሴን ቆርጬ ብጥለው። ይኸው በቃሬዛ ወጣች።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ክፍሉን ለበዓል ዕቃ እፈልገዋለሁ። ግን እሱስ ይቅር፤ ያናደደኝ ሌላ ነው። እኔ ዕድሜዬን የጥለት ፊት ለገዢ ሳዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። እሷ እዚሁ ቤቴ ውስጥ ሸማውን ሁሉ ገልብጣ ጀርባውን ለሰው ትሰጣለች! ቋጠሮው፣ ውሉ፣ የተንጠለጠለው ክር፣ የሸማኔው ነውር ሁሉ አደባባይ! ‹ምነው ልጄ፣ ደንበኛ ሽቅብ ቢያይ የኸይረዲን ዕቃ እንዲህ ነው አይልም?› ስላት ምን አለችኝ? ‹ፊቱንማ ሁሉም ሰው ያየዋል ጋሼ።›»

«ዛሬ ጠዋት ደውላልዎታለች።»

«‹ዛሬ ሥራዬን የሚያይልኝ እንግዳ ይመጣል፤ ዕቃ አያስገቡብኝ› አለችኝ። እሺ አልኳት። እንግዳው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።»

«ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ልጆቼ ጋ። ኋላ ወደ ሱቅ ስመጣ ነው ያገኘኋት።» ዐይኑን አሸ። «የእኔን ልጆች ምስክርነት የሚያምነኝ እንደሌለ ግን አውቃለሁ።»

ቢኒን ሲኒማ ራስ አካባቢ ካለች ሻይ ቤት አገኙት። ሻዩ ቀዝቅዞ ቆዳ አውጥቷል። ሪሐና ስኳሩን ወደ ራሷ ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ይኼን ትምህርታችሁን ለእኔ ለደንቆሮዋ አስረዳኝ።»

«ዶክትሬት ነው፤ ግን መመረቂያው መጽሐፍ አይደለም። የምትሠሪው ሥራ ራሱ ነው ጥናቱ። እየሠራሽ ትጠይቂያለሽ፤ እየሠራሽ መልሱን ታገኛለሽ። ጽሑፉ ሥራውን ተከትሎ የሚመጣ ነው። አማካሪሽ ቦታው ድረስ መጥቶ ሥራውን ካላየ፣ ምንም አላየም ማለት ነው።»

«ዶክተር ፍስሐስ ይመጣል?»

ቢኒ በብርጭቆው ላይ ፈገግ አለ። «ሪፖርቱ ላይ ‹በየወሩ ይመጣል› ይላል። እኛ ደግሞ ከሪፖርት ጋር አንጣላም፤ መመረቅ እንፈልጋለን።»

«ነገ ሥራችሁን በሚገመግመው ቦርድ ፊት የምትቀርቡት ሁለታችሁ ናችሁ። ከዚያ የሚሰጠው የመምህርነት ቦታ ግን አንድ ነው። ትቀናባት ነበር?»

«እቀናባት ነበር። ዐይን ያለው ሰው እንዴት አይቀናባትም? የእኔ ሥዕል ግድግዳ ያሳምራል፤ የእሷ ሰው ያስቆማል።» ጣቶቹን ዘረጋ፤ በመርፌ ቁልፍ ተበሳስተው ጠባሳ ሆነዋል። «ያን ሁሉ ሸማ አብሬያት የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ‹ቀስ በል ጅሉ፣ ትወጋለህ› ትለኝ ነበር። እሷን አንድ ቀን ወግቷት አያውቅም።»

«ዛሬ ስትደውል ምን አለችህ?»

ቢኒ የቀዘቀዘውን ሻይ ገፋ አደረገ።

«አላነሳሁትም። ስሟን አይቼ… እንደገና ልታለቅስብኝ ነው ብዬ ዘጋሁት።»

ዶክተር ፍስሐ በማግሥቱ ጠዋት ቢሮው ተቀበላቸው። ሻርፑ ከሸሚዙ ጋር የተስማማ፣ ንግግሩ እንደ ሻርፑ የለሰለሰ ሰው ነው። የፕሮፌሰርነት ማዕረጉ በዚሁ ወር እንደሚጸድቅ ሳይጠየቅ ተናገረ። ከዚያ ስለ ሟች ተከዘ።

«ፈርቼላት ነበር። ተስፋ ቆርጣለች። ጥናት ብርቱ ነፍስ ይፈልጋል፤ ሁሉም አይችለውም።»

«ሥራዋን ያውቁታል?»

«በየወሩ እየሄድኩ ነው ያሳደግኩት! የቁስና የትዝታ ውይይት ነው። ወደ ክፍሉ ሲገቡ ጥለቱ ብርሃን እየተቀበለ ተመልካቹን ይጠራዋል። ያ ድምቀት፣ ያ የሸማኔው የተዋበ ገጽታ ፊት ለፊት ሲመጣብዎ…» እጁን አየሩ ላይ አንሳፈፈ። «በቃል አይገለጽም።»

«ኧረ ገለጹት» አለች ሪሐና። «እሑድ ለምን ደወለችልዎ?»

«ልትሰናበተኝ ይመስለኛል፤ አሁን ሳስበው። ቤቴ ነበርኩ። ምነው ያኔ ገብቶኝ ቢሆን!»

ከቢሮው ሲወጡ የሪሐና ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው፤ መዝገቡን ዛሬ ዝጊ ይላል፤ አስክሬኑም ይሰጥ። አሸብር እንኳ ጭንቅ ያዘው። «እናትየው ከቤተ ክርስቲያኑ በር አልተነሡም አሉ፣ ኢንስፔክተር። ውሃም አልቀመሱ።»

ሪሐና ወደ መኪናው ገባች። መኪናው ሸማ ተራ እስኪደርስ ጥፍሯን ስትበላ ነበር። የምታውቀውን ታውቃለች፤ በእጇ የሚጨበጥ ነገር ግን ከአንዲት የደም ነጥብ በቀር የላትም። እሱም ምርመራ ቤት ወረፋ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ፎቁ ላይ ሰበሰበቻቸው። ገመዶቹ ባዶ ናቸው። ሸማዎቹ በሙሉ ወርደው፣ ታጥፈው፣ መሐል ወለሉ ላይ ተከምረዋል። እትዬ ቦሰና በር ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

«የጠራኋችሁ ለእኚህ እናት ነው» አለች ሪሐና። «ልጃቸው ምን ትሠራ እንደነበር አንድ ቀን አላዩም። ከመቀበሯ በፊት ልናሳያቸው ነው። ሦስታችሁም ሥራዋን ታውቃላችሁ። አንዳንድ ሸማ ውሰዱና ልክ እሷ ትሰቅል እንደነበረው ስቀሉ። ጋሼ ኸይረዲን በዚህ ግድግዳ፣ ቢኒ በዚያ፣ ዶክተር እርስዎ ሰገነቱ ጋ።»

ሦስቱም ጀርባቸውን ተሰጣጥተው ሥራ ያዙ። ቢኒ ነጠላውን ሳያይ በጣቱ ዳሰሰ፤ ቋጠሮው ሲነካው ወደ ክፍሉ አዞረና ሰካ። ኸይረዲን ጨርቁን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አገላበጠ፣ ተነፈሰ፣ አጉረመረመ።

«እጄ እምቢ እያለኝ ነው፣ ወላሂ! ይሁንልሽ ልጄ። ይኸው ነውራችንን አወጣሁት።» ጀርባውን ወደ ሰው አድርጎ ሰቀለ።

ዶክተር ፍስሐ በጥንቃቄ፣ ዳሩን እያስተካከለ፣ የጥለቱን ፊት ወደ ክፍሉ አዙሮ ሰቀለ። ወደ ኋላ ራመድ ብሎ ቃኘው፤ ራሱን ወደ ጎን አዘነበለና ረካ።

ከዚያ ዞር አለ። የሌሎቹን አየ።

«እናቴ» አለች ሪሐና፣ ዐይኗን ከእሱ ሳትነቅል፣ «ልጅዎ ራሷን አላጠፋችም። እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርዎ። ጥፍሯ ሥር የጥለት ክር ነበር። ያ ክር የተቦጨቀው እዚህ በር ላይ ከነበረችው ነጠላ ነው። ልትሞት የወሰነች ሰው መያዣ አትቧጥጥም። ሐመልማል እየወደቀች ነጠላዋን ይዛለች፤ ጥለቱ እጇ ላይ ቀረ፣ ነጠላዋ ከገመዱ ረገፈች። እኛ ስንመጣ ግን በመርፌ ቁልፍ ተይዛ ተሰቅላ ነበር። ማን ሰቀላት? ሟች ከግቢው ተነስታ አልወጣችም።»

 ከታች የጫኝ አውራጅ ጩኸት ይሰማል።

«የሰቀላት ሰው ‹እዚህ ምንም አልሆነም› ሊለን ነው። ስለዚህ እንደሌሎቹ አድርጎ ሊሰቅላት ይገባ ነበር። እሱ ግን ፊቷን ወደ ሰው አደረገ። ዐይኔን የጠራችው ለዚህ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጀርባ መሐል አንድ ፊት! መጀመሪያ ጋሼ ኸይረዲንን ጠረጠርኩ፤ የነጋዴ እጅ ነው ብዬ። ግን እሳቸው በዚሁ ነገር ሲጣሏት የከረሙ ናቸው። ቢኒ ደግሞ ሁሉንም አብሯት ሰቅሏል። ሁለቱ ቢሆኑ አይሳሳቱም። የሚሳሳተው ከእሑድ በፊት እዚህ ክፍል ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ሰው ነው። ገብቶም፣ ሸማዎቹ መሐል ቆሞም፣ ያላያቸው።»

«ቁልፍ እንኳ የለኝም!» አለ ዶክተር ፍስሐ።

«እሷ ከፈተችልዎ። ሲጠበቅ የነበረው እንግዳ እርስዎ ነዎት። ሲወጡ በሩን መሳብ ብቻ ነው።»

«አንድ ጨርቅ ተገለበጠ ተብሎ ሰው ነፍሰ ገዳይ ይባላል? ይኼ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። በየወሩ እመጣለሁ ያሉት ውሸት መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው። ማስረጃው ሌላ ነው። ያችን ነጠላ የሰቀለው እጅ ሥራውን ስላለመደ መርፌው ወግቶታል። ደሙ ጨርቁ ላይ አለ። ሐመልማል መውጊያ የላትም። የቢኒ የዳነ ጠባሳ ነው። ደሙ የማን እንደሆነ ምርመራ ቤት ይለየዋል።» እጇን ዘረጋች። «እስከዚያ አውራ ጣትዎን ያሳዩኝ።»

ዶክተር ፍስሐ እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ያ የለሰለሰ ንግግሩም ከዳው።

«‹ዛሬ ካልመጡ ነገ ለቦርዱ ሥራዬን አይተውት አያውቁም ብዬ እናገራለሁ› አለችኝ። መጣሁ። ዞር ዞር አልኩና ‹ጥሩ ነው› አልኳት። ‹ምን አዩ?› አለችኝ። ‹ጥሩ ነው አልኩሽ።› ‹እኮ ዶክተር፣ ምን አዩ?› ምን ልበላት? ልሄድ ስል እጅጌዬን ያዘች። ሰገነቱ በር ላይ ነበርን። ‹ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንዴ ብቻ ይዩልኝ› እያለች ትለምነኛለች፣ ታለቅሳለች። መነጨቅኋት። መከታው አጭር ነው… ልገድላት አልነበረም።»

«ከዚያስ?»

«ጨርቁ መሬት ወድቆ ነበር። ሰቀልኩት። ሄድኩ።»

እትዬ ቦሰና ከዱካው ተነሡ። ማንም አልከለከላቸውም። ፊቱ ድረስ መጥተው ቆሙ።

«ስትወድቅ» አሉ፣ «ትተነፍስ ነበር?»

ዶክተር ፍስሐ አቀረቀረ።

«ወርደህ አላየህም? ትተነፍስ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

«አላየሁም» አለ ዶክተር ፍስሐ።

ኸይረዲን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሳጅን አሸብር ካቴናውን አወጣ። ሪሐና ስልኳን አንስታ ወደ አለቃዋ ደወለች። የተናገረችው አጭር ነው፤ መዝገቡ በግድያ ተከፍቷል፤ የአጥቢያው ቄስ አሁኑኑ ይነገራቸው።

በማግሥቱ ኸይረዲን ሱቁን ዘግቶ ከቀባሪው ጋር ወጣ። ቢኒ ከሬሳ ሣጥኑ አንዱን ጫፍ ይዟል። ሪሐና እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተከትላ፣ በሩ ላይ ነጠላ ካደረጉ ሴቶች ኋላ ቆመች።

ሽማግሌው ቄስ መስቀላቸውን አውጥተው ወደ እናትየው ጎንበስ አሉ።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

ከእሑድ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ብዙ ነገር ጠይቋቸው ነበር፤ ይህን የጠየቃቸው ግን አልነበረም። እትዬ ቦሰና ቀና አሉ። ድምፃቸው ከአጥሩ አልፎ፣ ከታክሲ ረዳቱ ጩኸት አልፎ፣ ከገበያው ጋር እየታገለ ወጣ።

«ወለተ ሐና! ወለተ ሐና ናት፣ አባቴ! ወለተ ሐና በሉልኝ!»